ቁልፉ ሲወጣ የሚጠፋ ቁጥር

አሮጌዋ ጎልፍ መኪና አውቶባኑ፣ ፈጣኑ መንገድ ላይ ሞተሯ ነክሶ ቀጥ አለች። ከኋላ የመጣ የጭነት መኪና ገጫት።

እታገኝ ሆስፒታል ስትደርስ ልጇ ሃይሚ ክንዷ ተሰብሮ ቀዶ ጥገና ክፍል ገብታለች። "ለሕይወቷ አያሰጋም" አሏት። እታገኝ አላመነችም። ባሏ ተካልኝ ድንገት ካረፈ ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር መርዶ የሚመስላት ሴት ናት። የቀራት ይህች የኤሌክትሪክ ተማሪ ልጇና እሱ የተወላት መኪና ነበሩ።

በማግስቱ ኮሚሳር ሊንደ የምትባል፣ ፊቷ የማይፈታ የፖሊስ መኮንን፣ የተጋጩ መኪናዎች ወደሚቆሙበት ግቢ ወሰደቻት።

"መኪናው አሮጌ ነው" አለች። "ታኾው ግን የአዲስ ሞዴል ነው።"

ታኾ ከመሪው ፊት ለፊት ያለው፣ ፍጥነትና ኪሎሜትር የሚያሳየው ሰሌዳ ነው። አንድ ሰው የድሮውን ነቅሎ ከአዲስ መኪና የወጣ ገጥሞበታል። ሶኬቱ አልስማማ ስላለው ሽቦዎቹን እየቆረጠ አንድ በአንድ ቀጥሏል። አንዷን ግን ረስቷል፤ የዘይት ማስጠንቀቂያዋን። ዘይቱ ሲያልቅ ቀይዋ መብራት ሳትበራ ቀረች።

"ሰው ሊሞትበት ይችል ነበር። ማን ነው የሠራው?"

እታገኝ ያለፈው ወር ትዝ አላት። "ይሄ ሰሌዳ ለምን ጠቆረ?" ብላ ሃይሚን ጠይቃት ነበር። "ጋሽ ባህታ ነካክተውት ይሆናል፤ ካፑት ነው፣ ተበላሽቷል" ነበር መልሷ።

እታገኝ አላመነታችም። ተናገረች።

ጋሽ ባህታ ኦስትሃፈን በሚባለው የወደብ ሰፈር ካለ አንድ መጋዘን ጓሮ የአበሻውን መኪና ሁሉ የሚጠግኑ ኤርትራዊ ሽማግሌ ናቸው። ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚያስታርቁትም እሳቸው ናቸው። በዚያ ዓመት ባድመ ላይ ጦርነት ተነስቶ ኤርትራዊውና ኢትዮጵያዊው ሰላምታ ሲነፋፈግ፣ ሁለቱም ቤት የሚገቡት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ፖሊስ ጠራቸው። መሣሪያዎቻቸውን ጭኖ ወሰደ።

እሑድ ከጸሎት በኋላ፣ ጉባኤው በተከራየው አዳራሽ፣ እታገኝ ለጠየቃት ሁሉ አወራች።

"ሆን ብለው ነው እንዴ?" አለች አንዷ።

"በዚህ ጊዜ ማን ይታመናል!" አለች ሌላዋ።

እታገኝ "ኧረ ተዉ!" ማለት ነበረባት። አላለችም።

የባህታ ጓደኛ ዘመንፈስ ትራም ማቆሚያ ላይ ጠበቃት።

"ባህታ ቀጭን ሽቦ ይቀጥላል? መነጽሩን እኮ ግንባሩ ላይ ሰክቶ ነው የሚፈልገው!"

"ታዲያ ማን ቀየረው? ሰይጣን?"

"ከቤትሽ ጀምረሽ ፈልጊ።"

ተሳደበ ብላ ፊቷን አዞረች።

ኮሚሳሯ እንደገና ወደ መኪናው ግቢ ጠራቻት። አንድ ነገር አልገጠመላትም።

"ታኾ የሚቀየረው ኪሎሜትሩን አሳንሶ መኪናውን ለመሸጥ ነው። ይህን ግን ይዩት።" ቁልፉን አዞረች። ቁጥሩ በራ። "ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ነው።"

"የኛ መቶ አርባ ሺህ እንኳ አልሞላም ነበር" አለች እታገኝ።

"በምን አወቁ?"

"ልጄ ቤት ከገባች በኋላ ሁልጊዜ በመኪናው መስኮት አነበው ነበር። ዛሬ ስንት ሄደች ብዬ።"

ኮሚሳሯ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ቁልፉን ነቀለች። ቁጥሩ ድርግም አለ። ጥቁር መስታወት ብቻ ቀረ።

"የድሮው ቁጥር ቁልፍ ኖረም አልኖረም ይታያል። ይህኛው ያለ ቁልፍ አይነበብም" አለች። "ሌባ በዚህ ምን ይጠቀማል?"

ከውጭ ቆሞ ያንን ቁጥር የሚያነብ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር።

"አላውቅም" አለች።

ሆስፒታል ስትገባ ሃይሚ ነቅታለች።

"ታኾውን ማን ቀየረው?"

"ማማ፣ ቢተ፣ እባክሽ! አሁን አይደለም።"

"ማን?"

"ኢኽ። እኔ።"

"ለምን?"

"ኪሎሜትሩን ትቆጥሪያለሻ! ዩኒቨርሲቲ ይህን ያህል፣ ሱቅ ይህን ያህል። ትንሽ ከተረፈ 'የት ነበርሽ?' ነው።"

"እና የት ነበርሽ?"

"ፌልድቤርግ ተራራ። ቁጭ ብዬ ቁልቁል አያለሁ።"

"ከማን ጋር?"

"አላይን። ብቻዬን።"

እታገኝ ወንድ ጠርጥራ ነበር። ሐሺሽ ጠርጥራ ነበር። ልጅቷ የፈለገችው ማንም የማይጠይቃት አንድ ከሰዓት ብቻ ነበር። ለዚያ ስትል ሞትን በገዛ እጇ ቀጥላ ነድታዋለች።

"ጋሽ ባህታን ለምን አነሳሽ?"

"አፌ ላይ መጡልኝ። ምን ሆኑ?"

ነገረቻት። ሃይሚ ከትራሷ ቀና አለች።

"ዝም በይ" አለች እታገኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ክሱ ወደ አንቺ ይዞራል። እሳቸው ሽማግሌ ናቸው፣ ነገሩ ይረሳል።"

"ናይን፣ አይሆንም!" ሃይሚ በደህና እጇ የራስጌውን ስልክ አነሳች። ለኮሚሳሯ ሁሉንም ራሷ ተናገረች። እናቲቱ ግድግዳ ግድግዳውን አየች። ያንን ስልክ ማንሳት የነበረባት እሷ ነበረች።

ይቅርታ በሽማግሌ ነው የሚጠየቀው። ማንን ልላክ ብላ ብታስብ፣ ሁሉም የሚልኩት ሽማግሌ ጋሽ ባህታ ነበሩ። ብቻዋን ኦስትሃፈን ወረደች።

ጓሮው ውስጥ አንድም የሚጠገን መኪና የለም። የተመለሱት መሣሪያዎች ሳጥናቸው ሳይከፈት ተደርድረዋል።

"ጋሽ ባህታ፣ ይቅር ይበሉኝ።" እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል ክንዷን ያዙ።

"ተነሺ፣ ጓለይ፣ ልጄ። ልጅቷ ተሻላት?"

"ተሽሏታል።"

"ተመስገን። ልጅ ናት፣ ይቅር ብያታለሁ። አንቺንም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ፖሊሷ ማን ነው ስትልሽ፣ ባህታ ነው አልሽ ወይስ ኤርትራዊው ነው?"

እታገኝ አፏን ከፈተች። መዋሸት ቀላል ነበር። ያኔ ከአፏ የወጣው ግን ስማቸው አልነበረም።

ጋሽ ባህታ መልሱን አልጠበቁም። ኮታቸውን ደርበው፣ እንግዳ ብቻዋን አትሄድም ብለው፣ እስከ ትራሙ ሸኟት። ትራሙ እስኪመጣ አጠገቧ ቆሙ።