የገደሉ ጭስ

ስልኮቻችሁን አጥፉ። አጥፉ አልኩ! ከታች ወደ ላይ የበራ ፊት አልወድም። መብራት ሄዷል፣ ባትሪው ዩፒኤስም ጮሆ ጮሆ ሞቷል፤ ዛሬ ኮምፒውተር ላይ መብረር የለም። ቁጭ በሉ። ሰብለ፣ ወዲህ ተጠጊ። ሱራፌል፣ አንተ እዛው ስክሪንህ ፊት ሁን፤ ግድ የለም፣ ድምፄ ይደርስሃል።

ማነው ጭስ ጭስ ይሸታል ያለው? ቆይ። እሱም ይደርሳል።

አንድ ሰው ነበር። የት? አልነግራችሁም። ስሙስ? እሱንም ለጊዜው ተዉት። ሌሊት ነው፣ ስምንት ሰዓት። ሰውየው ከፖስታ ቤቱ ጀርባ ባለችው ቀጭን መንገድ ብቻውን ይሄዳል። ብቻውን! ውሻ እንኳን አልጮኸበትም። ውሻ የማይጮህበት ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? በኪሱ የሰው ቁልፍ ይዟል፤ የጓደኛውን ቁልፍ። ወዴት ነው የሚሄደው? ቆይ፣ አትቸኩሉ።

ጓደኛው ምትኩ ይባላል። እናንተ ጂፒኤስ አጥፍታችሁ በኮምፓስና በሰዓት ብቻ ስትበሩ አዲስ ነገር ያመጣችሁ ይመስላችኋል አይደል? ምትኩ ከእናንተ በፊት ሠርቶታል። በዚያ አገር በድሮ ዘመን ደብዳቤ የሚያመላልስ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ነበር። ራዲዮ የለው፣ ራዳር የለው። አብራሪው መንገዱን በወረቀት ጽፎ ይዟል። ወንዙን ይዘህ አሥራ ስምንት ደቂቃ ሂድ፤ የተሰነጠቀው ተራራ ጋ ወደ ግራ ታጠፍ፤ ከዚያ ጭሱን ፈልግ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ጭሱ ምንድን ነው? ማረፊያው ሜዳ ላይ የሚነድ እሳት ነው። እሳት አንዳጁ የሞተሩን ድምፅ ሲሰማ እርጥብ ቅጠል ይጨምርበታል፤ ጭሱ ይንቦለቦላል። አብራሪው ሜዳው የት እንደሆነ፣ ነፋሱም ወዴት እንደሚነፍስ በዚያ ያውቃል። ነፍሱ በዚያ ጭስ ላይ ናት።

እሳት አንዳጁ አቶ ይመር የሚባሉ ሰው ነበሩ። አብራሪው ወደዳቸውና ካፖርት ሰጣቸው። ካፖርቱን ለብሰው ሲመጡ አገሬው ብድግ ይልላቸው ጀመር። ደርሶ የሚባል ጎረቤት ነበራቸው። ይህን አይቶ አንጀቱ አረረ። እኔ ከሱ በምን አንሼ ነው አለ። አንድ ጉም የሸፈነው ማለዳ ቀድሟቸው ተነሳና ከሜዳው ማዶ ገደሉ አፋፍ ላይ እሳት አነደደ። ሰው ሊገድል ፈልጎ ነው? አይደለም። አውሮፕላኑ ግራ ተጋብቶ እንዲመለስ፣ ይመር እንዲዋረዱ ብቻ ነው የፈለገው። አውሮፕላኑ ግን ጭሱን አምኖ መጣ። ገደሉን መታ። ሰዎች ሲደርሱ አብራሪው ሞቷል። ደርሶም እሳቱ ዳር ቁጭ እንዳለ ሞቶ ተገኘ። ቁስል የለበትም፣ ምንም የለበትም።

ይህን የነገሩት የይመር ልጅ እማማ አስካለ ናቸው። ያኔ ሰማንያ ሰባት ዓመታቸው ነበር። አባታቸው ከስብርባሪው ያነሱትን የአብራሪውን ወረቀት ከካፖርቱ ኪስ አውጥተው ለምትኩ ሰጡት። ሰውየውም አጠገቡ ቁጭ ብሎ ሁሉንም ሰምቷል። ልብ በሉ! ሰምቷል።

ምትኩ ሁለት ዓመት ለፋ። ኮረብታ በኮረብታ እየወጣ፣ ሽማግሌ እየጠየቀ፣ ወንዙን፣ የተሰነጠቀውን ተራራ፣ ሜዳውን፣ ጭሱን ሳይቀር የኮምፒውተር በረራ ማስመሰያው ሲሙሌተር ውስጥ አስገባ። እሁድ እሁድ ሰው ክፍሉን ሞልቶ ሲበር ያየዋል። “ምትኩ የኛ ጀግና!” ይሉታል።

ኮምፒውተሩን ማን ገጠመው? ሰውየው። የተቃጠለውን የምስል ካርድ ማን ቀየረው? ሰውየው። ኮረብታውን አብሮት የወጣው ማነው? ሰውየው! ስሙን የጠራለት አለ? አንድ ቀን ምትኩ ለእንግዶች አስተዋወቀው። ምን ብሎ መሰላችሁ? “ይሄ ኮምፒውተር የሚያይልኝ ልጅ ነው።” ልጅ! ሰውየው እኮ በሁለት ዓመት ይበልጠዋል። ያቺ ቃል ሆዱ ውስጥ ገብታ አልወጣም አለች። ሲበላ አለች፣ ሲተኛ አለች። ምትኩ ደግሞ ሰው ሲያሞግሰው “ምቀኛ አታሳጣኝ” እያለ መሳቅ ይወዳል። ምቀኛው ከጎኑ ቆሞ አብሮት ይስቃል።

ከዚያ የከተማው ትምህርት ቤት አዳራሽ ተፈቀደለት። እሁድ ምትኩ በትልቅ ስክሪን፣ ከተማው ፊት ሊበር ነው። እማማ አስካለ ከፊት ወንበር ተቀምጠው የአባታቸውን ሜዳ ሊያዩ ነው። “አንዴ ሲያርፍ ልየውና ልሙት” ብለዋል።

ቅዳሜ ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሰውየው ያንን ቁልፍ ይዞ ወጣ። አሁን ገባችሁ?

የምትኩን ክፍል ከፈተና ገባ። ኮምፒውተሩን አበራ። ጭሱን ከሜዳው ላይ አነሳና ገደሉ አፋፍ ላይ አስቀመጠው፤ ደርሶ ያነደደበት ቦታ ላይ። ሌላ ቦታ ጠፍቶ ነው? አይደለም። እዚያ ላይ ከሆነ እንደሚከሰከስ ስለሚያውቅ ነው። ነገ ይስቁበታል አለ። ነገ ደግሞ ልጅ ማን እንደሆነ ይታያል አለ።

ከዚያ ልሞክረው ብሎ ተነሳ። አሥራ ስምንት ደቂቃ ወንዙን ይዞ በረረ። ወደ ግራ ታጠፈ። ጭሱ ገደሉ ላይ አለ። ግን ምትኩ የሠራው ጭስ ነጭ ነበር። ይሄ ጥቁር ነው። ነፋሱ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል፣ ጭሱ ወደ ምዕራብ ይሄዳል።

ካርዱ ነው አለ። ዞሮ ደግሞ መጣ። አሁን እሳቱ ዳር አንዲት ጥቁር ነጥብ አለች። ጉቶ ናት አለ። ዞሮ ደግሞ መጣ። ጉቶ ይቀመጣል? ጉቶ ቀና ይላል? ሰው ነው። ቁጭ ብሎ ወደ ሰማይ የሚያይ ሰው። ምትኩ ደግሞ ሰው መች አስገባ?

ሲሙሌተሩን አቆመው። አውሮፕላኑ ቆመ። ደመናው ቆመ። የወንዙ ውሃ ቆመ። ጭሱ አልቆመም። ያ ሰው ተነሳ። ሁሉ ነገር በቆመበት እሱ ብቻ ወደ አውሮፕላኑ መራመድ ጀመረ።

በዚህ መሀል መብራት ጠፋ። ክፍሉ ጨለመ፤ ልክ እንደዚህ። ስክሪኑ ግን አልጠፋም! ሰውየው ገመዱን ነቀለ። አልጠፋም። ያኛው እየቀረበ ነው። ፊቱ አመድ የለበሰ ነው፣ ዓይኑ በጭስ የቀላ። መጣ፣ መጣ፣ መጣና ስክሪኑን ሞላው። ከዚያ ስክሪኑ ባዶ ሆነ። ገደሉና እሳቱ ብቻ። ሰው የለም።

የት ሄደ?

ክፍሉ ጭስ ጭስ ሸተተ። ከኋላው አንድ ሰው በረጅሙ ተነፈሰ። ትከሻው ላይ የጋለ እጅ አረፈ።

“እሰይ” አለው። “ተረኛዬ መጣህ። ስንት ዘመን ሳልተኛ! በል፣ እሳቱን ያዝ።”

ሰውየው በሩን እንኳን ሳይዘጋ ወጥቶ ሮጠ። ጭሱን ወደ ቦታው መለሰው? አልመለሰም። ማን ተመልሶ ይገባል?

እሁድ ሆነ። አዳራሹ ሞላ። እማማ አስካለ የአባታቸውን ካፖርት ጉልበታቸው ላይ አጥፈው ተቀምጠዋል። ምትኩ ተነሳ፣ በረረ። ሰውየው ከኋላ ቆሟል። አሥራ ስምንት ደቂቃ ሙሉ አፍ ነበረው። “ምትኩ፣ ተው፣ ጭሱ የውሸት ነው” ማለት ይችል ነበር። ሦስቴ ሊል ከጀለ። ሦስቱንም ጊዜ ሰው አጨበጨበና ያቺ “ልጅ” የምትል ቃል መለሰችው። 

ምትኩ ጉሙ ውስጥ ጭሱን አየ። እጁ ተጠራጠረ፤ አይቼዋለሁ፣ ተጠራጠረ። ግን ምን ያድርግ? የአብራሪው ወረቀት ጭሱን እመን ነው የሚለው። አመነው። ገደሉን መታ።

የሳቀ ሰው የለም። አንድም የሳቀ የለም። እማማ አስካለ ካፖርቱን ደረታቸው ላይ ለጥፈው “ደግሞ?” አሉ። “ደግሞ ገደላችሁት?” ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ሳምንት ሳይሞላቸው አረፉ።

ምትኩ ማታ ሰውየው ቤት መጣ። በር ላይ ቆሞ፣ “አንተ ነህ?” አለው።

“አይደለሁም” አለ ሰውየው።

ምትኩ ትከሻውን ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ሳይሰናበተው ሄደ። ዳግመኛ አልበረረም፣ ዳግመኛም ቤቱ አልመጣም። ሰውየው ገብቶ መስታወት ፊት ቆመ። ጃኬቱ ላይ አምስት ጣት፣ የአመድ።

ጋሽ ዘውገ ጃኬቱን ለምን አያጥበውም እያላችሁ የምታሙኝን አልሰማም መሰላችሁ? ስንቴ አጥቤዋለሁ! ይኸው ትከሻዬ፤ ዳስሱት። ሰብለ፣ ነይ እስቲ። አየሽ? አሁንም ትኩስ ነው።

አዎ፣ እኔ ነኝ። ምትኩን የመሰለ ጓደኛ በልቼ የተቀመጥኩ እኔ ነኝ። አሥራ አራት ዓመት ዓይኔን ስጨፍን እዚያ ገደል ላይ ነኝ፤ እርጥብ ቅጠል እጨምራለሁ፣ እጨምራለሁ፣ አያልቅም። የማርፈው መቼ ነው? ሌላ ሰው በቅናት ጭሱን ያንቀሳቀሰ ዕለት። እኔም ለደርሶ እንዲሁ ነው የሆንኩለት።

አሁን ለምን እንደማወራ ልንገራችሁ። ትላንት ሁላችሁም ከወጣችሁ በኋላ ቁልፍ ረስቼ ተመለስኩ። ሰብለ ለእሁድ ያዘጋጀችውን የበረራ መስመር አንድ ሰው ከፍቶ የማረፊያዋን ጭስ ሲያንቀሳቅስ አየሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ! ዝም ብል ኖሮ ዛሬ ሌሊት እተኛ ነበር። ስወጣ ግን የእማማ አስካለ ድምፅ ተከተለኝ። ደግሞ? አሉኝ።

ሱራፌል። አዎ፣ አንተ። እሷ ስትመሰገን አንተ የምታስበውን እኔ አስቤዋለሁ፤ አታስረዳኝ። ተነስና አሁኑኑ ንገራት። መብራት ሲመጣ አብራችሁ ጭሱን መልሱት። ብቻህን እንዳትመልሰው! ብቻህን እዚያ መስመር ላይ እንዳትገኝ። አፍ እያለህ ተናገር፤ እኔ አሥራ ስምንት ደቂቃ ነበረኝ።

ሱራፌል? ለምን አትነሳም?

ቆይ። መብራት አልመጣም አይደል?

ታዲያ ያንተ ስክሪን በምን በራ?