ሻርፑን የተከተለው መብራት

«እስቲ ሩጪ!» አለች ማሂራ።

ዙቤይዳ መድረኩን ከዳር እስከ ዳር ሮጠችበት። ጣሪያው ላይ የተሰቀለው መብራት አንገቱን አዙሮ ተከተላት። ስትቆም ቆመ። ድንገት ወደ ኋላ ስትመለስ እሱም ተመለሰ። ሳቋ አላስቆም ቢላት መሐል መድረክ ላይ ቁጢጥ አለች።

«ማሻአላህ! ጥላዬ ሆነ እኮ!»

«ጥላሽማ ጨለማ ሲሆን ጥሎሽ ይጠፋል» አለች ማሂራ፣ ከላፕቶፑ ቀና እንኳ ሳትል። ጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ጉራ ነው፤ ግን ይገባታል።

መብራቱን ያዋሳት ሄርማታ ሰፈር ውስጥ ለሠርግ መብራትና ድምፅ የሚያከራየው አጎቷ ጀማለዲን ነው። የቀረው ሁሉ የራሷ ሥራ ነው። ዘፋኟ አዝራር የሚያህል ቺፕ ታደርጋለች። ግድግዳው ላይ ያሉት መቀበያዎች ከመድረኩ እስከ ፊተኛው ወንበር ድረስ ቺፑ የት እንዳለ ለላፕቶፑ ይነግሩታል፤ ላፕቶፑ ደግሞ መብራቱን ያዞረዋል። ማሂራ ሲቀድም ቀንሳ፣ ሲዘገይ ጨምራ፣ ሳምንቱን ሙሉ ስታስተካክለው ሰነበተች። የዙቤይዳ ቀሚስ ስስ ስለሆነም ቺፑን ትከሻዋ ላይ ጣል በምታደርገው ቀይ ሻርፕ ላይ በመርፌ ቁልፍ አያያዘችላት።

ይህ ሁሉ ደስ ያላለው ጣሪቅን ብቻ ነው። እስከ ዛሬ በትምህርት ቤቱ ዝግጅት ሁሉ ከአዳራሹ ኋላ በሩ አጠገብ ቆሞ፣ ትልቁን መብራት በሁለት እጁ እያዞረ ዘፋኝ የሚከተለው እሱ ነበር። ማሂራ ግን ትናንት በሚኒ ሚዲያ ክበቡ ፊት «ከነገ ጀምሮ የጣሪቅ መብራት ስቶር ይገባል» አለች። የክበቡ ኃላፊ ቲቸር ወንድወሰን ሳቁና፣ «ያንቺው ዘፋኟን አንዴም ካልሳተ የእሱ ይገባል። ከሳተ ግን ያንቺው ወደ አጎትሽ ይመለሳል» አሏት።

«ሲስት አይሻለሁ» አላት ጣሪቅ።

«ዋላሂ አይስትም! ይልቅ ያንን መብራትህን ከበሩ አጠገብ አንሳልኝ።»

 ጣሪቅ ግን መብራቱን አላነሳም።

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። መስኮቶቹ በጥቁር ጨርቅ ተሸፈኑ። ዝግጅቱ ጡረታ ለሚወጡት ለሙዚቃ አስተማሪያቸው ለቲቸር ጣይቱ መሸኛ ነው። ቲቸር ጣይቱ የማሂራን እናት ሳይቀር አስተምረዋል። ልጆቹ በዘፈኑ ቁጥር እሳቸው ከመጋረጃው ኋላ ቆመው ከንፈራቸውን አብረው ያንቀሳቅሳሉ፤ መድረክ ላይ ግን ወጥተው አያውቁም። ዛሬ በግድ ፊት ወንበር ላይ አስቀምጠዋቸዋል።

ዙቤይዳ ዘፈነች። ግራ ሄደች፣ ቀኝ ሄደች፣ ዞረች። መብራቱ ንቅንቅ አላለም ከላይዋ። ማሂራ አጠገቧ ለቆመው ለጣሪቅ መብራቱን በአገጯ ጠቆም አድርጋ፣ «አየህ?» አለችው።

የመጨረሻው ስንኝ ላይ ስትደርስ ዙቤይዳ እየዘፈነች ከመድረኩ ወረደች። ይህ በልምምዱ አልነበረም። ልምምዱን የሚመሩት ራሳቸው ቲቸር ጣይቱ ስለሆኑ፣ ያሰበችውን ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ሻርፑን ከትከሻዋ ገፈፈች፤ በሁለት እጇ ይዛ ዝቅ አለችና አስተማሪዋን አለበሰቻቸው። ከዚያ ወደ መድረኩ ተመለሰች።

መብራቱ አልተመለሰም።

ማሂራ ክው አለች። ሠርግ ላይ ሽማግሌዎችን ጋቢ ሲያለብሱ ስንቴ አይታለች! ትልቅ ሰው የሚከበረው እንዲህ አይደል? ቺፑን ሻርፑ ላይ ስታያይዝ ግን ጭራሽ ትዝ አላላትም።

«ሳተ» አለ ጣሪቅ።

«አልሳተም። እሱ ያልኩትን ነው የሠራው። የሳትኩት እኔ ነኝ።»

ጣቷ መብራቱን ከቺፑ አላቅቆ ወደ መድረኩ በሚመልሰው የላፕቶፑ ቁልፍ ላይ ነው። አንዴ ብትጫነው መብራቱ በዓይን ጥቅሻ ወደ ዙቤይዳ ይመለሳል። ምናልባት ቲቸር ወንድወሰን የዝግጅቱ አካል ይመስላቸው ይሆናል።

«ተጫኚው እንጂ!» አለ ጣሪቅ። ሲስት አይሻለሁ ያለው እሱ፣ አሁን ከእሷ ብሶ ጨንቆታል። «ቲቸር ወንድወሰን እያዩ እኮ ነው!»

ማሂራ ወደ ፊት ወንበሩ አየች። ቲቸር ጣይቱ መጀመሪያ በእጃቸው ዓይናቸውን ከለሉ። ቀስ ብለው እጃቸውን አወረዱ። ሻርፑን ወደ አንገታቸው ሳብ አደረጉት። ከንፈራቸው እንደ ልማዱ መንቀሳቀስ ጀመረ። ዛሬ ግን ድምፃቸው ወጣ። ወፍራም፣ ትንሽ የሻከረ፣ ማሂራ አንድም ቀን ሰምታው የማታውቀው ድምፅ ነበር። ዙቤይዳ ጨለማው ውስጥ ሆና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተቀበለቻቸው። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ።

ማሂራ ጣቷን ከቁልፉ ላይ አነሳች።

«ጣሪቅ፣ ያንተን አብራው። ዙቤይዳ ላይ።»

ጣሪቅ አፍጥጦ አያት። «ስቶር ይገባል ያልሽውን?»

«ማሎ፣ እባክህ ቶሎ በል! ልጅቷ ጨለማ ውስጥ ናት።»

ጣሪቅ ወደ በሩ ሮጠ። ሁለተኛው ብርሃን ትንሽ እየተንቀጠቀጠ መጋረጃውን ነካ፣ መድረኩን ዳበሰ፣ ዙቤይዳንም አገኛት። ቲቸር ወንድወሰን ከፊት ዞረው አንዴ ጣሪቅን፣ አንዴ ማሂራን አዩ። ማሂራ ዓይኗን አልሰበረችም። ላፕቶፑን ገፋ አድርጋ ከሁሉም ጋር ማጨብጨብ ጀመረች።