ዛሂራ ጀርባ ላይ

«አሁንም ካልተኛ ሽቦዎቹን ልነቅል ነው» አለ በሽር በዐረብኛ።

የአሥር ወሩ ጂብሪል አልጋው ላይ እየተወራጨ ጮኸ። ጭንቅላቱ በቀጫጭን ሽቦዎችና በፋሻ ተጠቅልሏል። የምርመራ ባለሙያው በሽር የሚፈልገው ልጁ ሲተኛ አንጎሉ እንዴት እንደሚሠራ መቅረጽ ነበር፤ ጂብሪል ግን እንኳን ሊተኛ ካርቱምን በሙሉ ሊቀሰቅስ ነው። ዛሬ ካልተሳካ ደግሞ ቀጣዩ ቀጠሮ ከወራት በኋላ ነው።

ታላቅ እህቱ ዛሂራ እናታቸውን ዘኪያን አየቻት። ዘኪያ አንገቷን ደፋች። ሁለቱም ጥፋቱ የማን እንደሆነ ያውቃሉ።

ባለፈው ሳምንት ዶክተር ሉጥፊያ ልጁ አብሮት የተወለደ የዘር ሕመም እንዳለበት ነግራቸው ነበር። «እንዲህ ያሉ ልጆች ለኦቲዝም ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። የእንቅልፉን ሞገድ ካየን ግን ቀድመን ልንጠረጥር፣ ሥልጠናውንም ቀድመን ልንጀምር እንችላለን። ለመሆኑ ቀን ቀን የት ነው የሚተኛው?»

«አልጋው ላይ በያት» አለች ዘኪያ። ከአማርኛው ይልቅ ዐረብኛው የሚቀናት ዛሂራም እንደተባለችው ተረጎመች።

ውሸት ነው። ጂብሪል ቀን አልጋ ላይ ተኝቶ አያውቅም። እናቱ አል-ጣኢፍ ሰፈር ሰው ቤት ስትሠራ፣ እሱ ዴም ሰፈር ባለችው ክፍላቸው ውስጥ የሚተኛው ከትምህርት ቤት በተመለሰችው እህቱ ጀርባ ላይ ታዝሎ ነው። ግን አሠሪዋ አንድ ቀን «ልጅ እንደ ጆንያ ይታዘላል እንዴ?» ብላ ስቃባታለች። ከዚያ ወዲህ ዘኪያ ሰው ፊት ልጇን አዝላ አታውቅም።

«እማዬ፣ ለበሽር ልንገረው?»

«ዝም በይ! ሐበሾች እንዲህ ናቸው ሊሉን? አንቺ የተባልሽውን ብቻ ተርጉሚ።»

ዛሂራ ደሟ ፈላ። የተባለችውን ብቻ ተርጉማ ነው እዚህ የደረሱት። በሽር እጁን ወደ ፋሻው ሲሰድ ግን አላስቻላትም።

«ኢስተና! ጠብቅ፣ አጎቴ በሽር! ያልነው ውሸት ነው። የሚተኛው ሲታዘል ነው፣ እኔ ጀርባ ላይ።»

ዘኪያ ይህን ያህል ዐረብኛ ይገባታል። ፊቷ ቀላ።

በሽር የሽቦዎቹን ርዝመት በዓይኑ ለካ። «ይደርሳል። ግን ከተኛ በኋላ ብትንቀሳቀሺ ሁሉም ነገር ይበላሻል። ማስነጠስም የለም!»

«አላስነጥስም።»

ዛሂራ የእናቷን ሻርፕ ተቀብላ ወንድሟን አዘለችው። ቋጠሮው ሲላላ ዘኪያ ኩርፊያዋን ረስታ መጥታ አጠበቀችው። ዛሂራ ወዲያ ወዲህ እያለች እሹሩሩ አለችው። ጩኸቱ ወደ ማልቀስ፣ ማልቀሱም ወደ ማጉረምረም ወረደ። ከዚያ ከብዶ ተለጠፈባት። ቀስ ብላ በርጩማው ላይ ተቀመጠችና ወደ ፊት አጎንብሳ ደረቀች።

አፍንጫዋን በላት፤ በላት ብቻ ሳይሆን አቃጠላት። እግሯ ደነዘዘ። ስክሪኑ ላይ ሲዘሉ የነበሩት መስመሮች ረጋ ብለው ይፈስሱ ጀመር።

«ናም!» አለ በሽር በሹክሹክታ። «ወላሂ ናም! ተኝቷል!»

ዛሂራ እልል ማለት አማራት፤ ትንፍሽ ማለት እንኳ ክልክል ነው። በደስታ እንባዋ ወረደ፣ እሱንም አልጠረገችውም። ቀረጻው ሲያበቃ በሽር «ታማም! እንዲህ ጥርት ያለ ቀረጻ ካገኘሁ ስንት ጊዜዬ!» ብሎ ሲያጨበጭብ ጂብሪል ባነነ፤ ማንም ግድ አልሰጠውም።

ዶክተር ሉጥፊያ ሞገዶቹን ረጅም ጊዜ አየች። «አንዳንዶቹ እንደምፈልገው አይደሉም። ይህ ፍርድ አይደለም፤ ግን በጊዜ ደርሰናል። ስሙን ስትጠሩት ዞሮ ያያችኋል?»

ዛሂራ መልሱን ታውቃለች። ለመተርጎም ዞር ስትል ዘኪያ በእጇ ከለከለቻት።

«ላ» አለች ዘኪያ ራሷ፣ በተሰባበረ ዐረብኛ። «ማ ቢዓይን ለይ። አያየኝም፣ ያ ዶክቶራ።» አሁን ግን አንገቷን አልደፋችም።

«ሹክረን» አለች ዶክተሯ ሞቅ ባለ ፈገግታ። «እንግዲያው ሥልጠናውን ከእሁድ እንጀምራለን። በየሳምንቱ።»

ኮሪደሩ ላይ ዛሂራ ትዝ አላት። «እማዬ፣ እሁድ እኮ ሥራ ነሽ። ለአሠሪሽ ደውዬ አሟታል ልበላት?»

ዘኪያ ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች። «ተዪው፣ እኔው እነግራታለሁ። ልጄ ትምህርት ጀምሯል እላታለሁ።»