ማፈን አይባልም

«አፍኚው አልኩሽ» አለ አበባው፣ የራሱን ጊታር በእጁ ዝም አሰኝቶ። «አንቺ እንዲህ ስታንጫርሪው የእኔ ሊድ በየት በኩል ይሰማል?»

ወለላ ክሮቹን ለቀቀቻቸው። ከሚኒ ሚዲያው ክፍል በላይ የሰኔ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ውስጥ አራት ናቸው፤ ሊድ ጊታር የሚጫወተውና ቡድኑን የሚመራው የአሥራ ሁለተኛ ክፍሉ አበባው፣ ድራም የሚመታው አብዱራህማን፣ ድምፃዊቷ መቅዲ፣ እና በቅርቡ ሪትም ጊታር ይዛ የተቀላቀለችው የዘጠነኛ ክፍሏ ወለላ። የትምህርት መዝጊያው በዓል ሳምንት ቀርቶታል።

«እንዴት ነው የሚታፈነው?» አለች።

«የቀኝ እጅሽን መዳፍ ክሩ ላይ ታስተኚዋለሽ፣ በዚያው እጅ ትመቻለሽ። ምንም የለውም።»

አስተኛችና መታች። የወጣው ድምፅ የጊታር አልነበረም። አንድ ሰው የእንጨት በር ያንኳኳ ይመስል ነበር።

«ማን ነው?» አለች መቅዲ ወደ በሩ ዞር ብላ። «ግባ፣ ክፍት ነው።»

አብዱራህማን ሲስቅ የድራም መምቻው ከእጁ ወደቀ። አበባው ግን አልሳቀም።

«ይሄው ይበቃል» አለ። «ለበዓሉ እንደዚሁ አድርገሽ ያዢው። ጊታሩን ይዘሽ መድረክ ላይ መታየትሽ ነው ዋናው። ማንም አይሰማሽም፣ ማንም አይስቅብሽም።»

ይህን ያለው በክፋት አልነበረም፤ የሚያዝንላት ነበር የሚመስለው። ወለላን ያንገበገባትም ማዘኑ ነው። ጊታሯን ከረጢቱ ውስጥ ከተተች፣ ዚፑን እስከ ጥግ ሳበችው።

«ማንኳኳቱን ስጨርስ እገባለሁ» አለቻት ለመቅዲ፣ ወጣችም።

ስልኳ ላይ አንድ ቪዲዮ ነበራት። የሚያስተምረው ሰውዬ የሚናገረው እንግሊዝኛ እንኳ አይደለም፤ ምን ቋንቋ እንደሆነም አታውቅም። ስለዚህ አፉን ትታ እጁን ተመለከተች። ደጋግማ ካየች በኋላ ጥፋቷ ገባት። ወለላ ከጊታር በፊት የለመደችው ክራር ነው። ክራር ላይ ቀኝ እጅ ክሮቹን ሁሉ ይገርፋል፤ የማይፈለገውን ክር ዝም የሚያሰኙት የግራ እጅ ጣቶች ናቸው። «አፍኚ» ስትባል ግራ እጇ ሳትነግረው የለመደውን አደረገ፤ ቀኙ ደግሞ የታዘዘውን። አንድ ጊታር ሁለት እጅ ዘምቶበት እንዴት ይተንፍስ?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ግራ እጇ ክሮቹን አጥብቆ እንዲጫን አድርጋ፣ ቀኙን ማስተማር ያዘች።

«ወለላ» አለች እናቷ፣ ሽንኩርት ከምትልጥበት።

«አቤት እማ።»

«ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀምረው?»

«ጀምሯል እኮ።»

«እንግዲያ እኔ ነኛ የደነቆርኩት» አለችና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

መዳፏን ወደ ኋላ፣ ክሮቹ ከጊታሩ ሆድ ላይ ወደሚነሱበት ነጭ አጥንት ሳብ አደረገችው። ክሩን የሚነካው በትንሿ ጣት በኩል ያለው የእጇ ጠርዝ ብቻ ነው። ትንሽ ወደ ፊት ካለፈች ድምፁ ይሞታል፤ ትንሽ ወደ ኋላ ከሸሸች ይጮኻል። በሁለቱ መካከል፣ የጤፍ ፍሬ በምታህል ቦታ ላይ፣ ጊታሩ ዱግ አለ። አጭርና ወፍራም፣ ዜማው ግን ውስጡ ያለ። ደገመችው። ዱግ፣ ዱግ፣ ዱግ፣ ዱግ።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ አንድ ባለፈረስ በደብረ ኤልያስ መንገድ በኩል መጣ። ፈረሱ መጋለብ አምሮታል። ሰውዬው ግን ልጓሙን ሰብሰብ አድርጎ ይዞታል፤ ያልተለቀቀው ጉልበት ሁሉ ወደ ኮቴው ወርዶ አስፋልቱን ይመታል። ወለላ ጥግ ይዛ አሳለፈችው። ይሄን ፈረስ አፈነው አይባልም፣ አለች በልቧ። ገታው እንጂ።

ልምምዱ ላይ ዘፈኑ እንደተጀመረ አብዱራህማን ቀና አለ።

«ቆይ፣ ይሄ ያንቺ ነው? ይነፋል፣ አቦ። አሁን የት ላይ እንደምመታ አወቅኩ።»

መቅዲም እግሯ ሳታውቀው ወለሉን መምታት ጀምሯል። አበባው ወደ ሶሎው ገባ። የእሱ ጊታር ብቻውን ጎልቶ የሚሰማበት ቦታ ነው። ጣቶቹ ለጉድ ናቸው፤ ያንን ወለላም አትክድም። መሃል ላይ ሲደርስ ግን እንደ ወትሮው ሞቀውና ፈጠነ። ዘፈኑ ተበታተነ። በፊትም ይበታተን ነበር፣ ማን እንደበተነው ግን አይታወቅም ነበር። አሁን ወለላ ንቅንቅ ሳትል እዚያው ስለነበረች፣ ማን እንደሄደ ለሁሉም ታየ።

«ምን ሆናችሁ ነው?» አለ አበባው።

«ፈጠንክ» አለችው።

«ሊድ ነኝ እኮ። ሊድ ማለት መሪ ነው። እኔ ስሄድ ትከተይኛለሽ።»

«እኔ ልከተልህ፣ መቅዲስ? በዚያ ፍጥነት ግጥሙ አፏ ውስጥ ይገባል?»

«አይገባም» አለች መቅዲ ቀስ ብላ። አበባው የጊታሩን ገመድ ከድምፅ ማጉያው ነቅሎ ወጣ።

ልምምዱን ከውጭ ሲሰሙ የነበሩት የሚኒ ሚዲያ ክበቡ ኃላፊ መምህር ዘመነ ወለላን በረንዳው ላይ ጠሯት።

«የአበባው አባት ከገጠር፣ ከቁይ ድረስ ይመጣሉ» አሉ። «ልጁ እዚህ ተከራይቶ፣ ስንቅ እየተላከለት ነው አራቱን ዓመት የጨረሰው። አንድ ቀን እንኳ ሲጫወት ሰምተውት አያውቁም። ቢፈጥንም አብረሽው ሂጂ። ሰው ፊት አይፈር።»

«አብሬው ከሄድኩ እኮ ነው የሚያፍረው፣ ቲቸር። እርስዎም ሲበታተን ሰምተዋል።»

መምህሩ ዝናቡን አዩ። «ወለላ፣ እባክሽ» አሉ ብቻ።

የበዓሉ ቀን ድንኳኑ ውስጥ የፕላስቲክ ወንበሮች እግር ጭቃው ውስጥ ሰምጧል። የአበባው አባት ጋቢያቸውን ደርበው፣ በጭቃ የተለወሰ ቦቲያቸውን ወንበሩ ሥር ለመደበቅ እየሞከሩ ፊት ተቀምጠዋል። መድረክ ላይ የወጣ ሁሉ ልጃቸው ይመስላቸውና ቀና ይላሉ።

ዘፈኑ ተጀመረ። መቅዲ የመጀመሪያውን ግጥም አሳምራ ጨረሰች። አበባው ወደ ሶሎው ገባ። ሕዝቡ አጨበጨበ፣ ከኋላ አንዱ አፏጨ፣ የአበባው ትከሻ ተነሣ፣ ፈጠነ። ወደ ወለላ ዞሮ አገጩን ቀና አደረገ፤ ነይ።

ወለላ የመምህሩ «እባክሽ» ትዝ አላት። የሽማግሌ አባቱን ፊት አየች። መዳፏን ጠጋ አድርጋ አጥንቱ ላይ አሳረፈችና እዚያው ቀረች። ዱግ፣ ዱግ፣ ዱግ፣ ዱግ።

አበባው አገጩን ደገመ። ራሷን ግራና ቀኝ አወዛወዘች። አብዱራህማን አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አየና ከእሷ ጋር ሆነ። አበባው ብቻውን ትንሽ ሮጠ፤ ከዚያ የሚረግጠው መሬት አጣ። ጣቶቹ ቆሙ።

ድንኳኑ ውስጥ የሚሰማው የወለላ ጊታርና ድራሙ ብቻ ሆነ። አሁን መዳፏን ብታነሣ ክሮቹ ይለቀቃሉ፤ ግቢው ሁሉ እሷን ይሰማል፣ የእሱም ሶሎ እዚያው ተቀብሮ ይቀራል። ይገባዋል፣ አለች። እጇ ግን አልተነሣም። የሶሎው ቦታ የእሱ ነው፤ ፍጥነቱ ግን የዘፈኑ። ሕዝቡ የዘፈኑ ክፍል መስሎት በእሷ ምት ያጨበጭባል፤ ሽማግሌውም ጋቢያቸውን ከእጃቸው ላይ ገለጥ አድርገው፣ ከሌላው ዘግየት እያሉ ያጨበጭባሉ።

አበባው ጆሮውን ወደ እሷ ጣል አደረገ። ጣቶቹን ክሩ ላይ መልሶ አዘጋጀ፤ ግን አልጀመረም። ዓይኗን እያየ ጠበቀ።

ወለላ አልቸኮለችም። የምቱ ዙር እስኪሞላ አቆየችው፣ ከዚያ ራሷን ዝቅ አድርጋ፣ «ግባ» አለችው።