ሰባተኛው እግር

ሐሙስ፣ ግንቦት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ሀዊ የኮምፒውተሩን ማብሪያ ለአራተኛ ጊዜ ተጫነችው። ማራገቢያው ግማሽ ዙር ዞሮ ቀጥ አለ።

«ምን ብዬ ነበር?» አለች፣ ነብዩን ቀና ብላ ሳታየው።

የዲላው ትምህርት ቤታቸው የኮምፒውተር ክበብ ጣሪያው ያፈሳል። አሮጌው ኬዝ፣ የኮምፒውተሩ የብረት ሣጥን፣ በዝናብ ስለዛገ ሁለቱ ዕቃውን ከሐዋሳ ወደ መጣው አዲስ ኬዝ ያዛወሩት ትናንት ነበር። ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን ፓወር ሰፕላይ ብቻ ነብዩ «አቧራውን ላራግፈው» ብሎ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው የወንድሙ ጥገና ቤት ወስዶት አደረ። ዛሬ ጠዋት ሲመልሰው ያብረቀርቅ ነበር፤ ለሀዊ ዓይን ከልክ በላይ።

«አጽዳ ያለህ ማን ነው?»

«አቦ ሀዊ! አቧራ ውጦት ነበር እኮ።»

«ወይስ ደህናውን ለወንድምህ ደንበኛ ሰጥታችሁ የተበላሸ መለሳችሁልን?»

ነብዩ ጀርባውን ሰጣት። ይህንንም ሀዊ እንደ ማስረጃ ቆጠረችው። ጥርጣሬዋን በምሳ ሰዓት ለክበቡ ኃላፊ ለቲቸር ሽመክት ነግራቸው ነበር። እሳቸውም የክፍሉን ቁልፍ ከነብዩ ተቀብለው፣ በሩን ለሁለቱ ክፍት ትተው፣ «አሥር ሰዓት ላይ መጥቼ አየዋለሁ። ዕቃው ተለውጦ ከሆነ ከክበቡ ትወጣለህ» ብለውታል።

«ከጨለለቅቱ ድረስ ለትምህርት የመጣሁት ሌባ ልባል አይደለም» አለ ነብዩ፤ ቦርሳውን አንሥቶም ወጣ።

ሀዊ ማስረጃዋን ማሟላት ፈለገች። የኮምፒውተሩን ዋና ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱን፣ ከኬዙ ፈትታ ካርቶን ላይ አሳረፈችው፤ ያንኑ የሚያብረቀርቅ ፓወር ሰፕላይ ሰካችበት። ማራገቢያው ዞረ። አልቆመም። ስክሪኑም በራ።

ባዶውን ኬዝ ወደ መስኮቱ አዘነበለችው። ማዘርቦርዱን ከብረቱ የሚያርቁት የነሐስ እግሮች ሰባት ናቸው፤ የማዘርቦርዱ ቀዳዳዎች ግን ስድስት። ሰባተኛው እግር ቀዳዳ ስለሌለው የማዘርቦርዱን ጀርባ እየነካ ኤሌክትሪኩን ሾርት ያደርገው ነበር። ያሰረችው ራሷ ናት። «ጠረጴዛ ላይ ብሎን ከተረፈ ሥራው አላለቀም» ይላል የክበቡ ደንብ። ትናንት ነብዩ «ይቺ እንኳ ትርፍ ትመስለኛለች» ሲላት፣ «ፋራ አትሁን፣ ደንቡን አታውቅም?» ብላ ነበር ያጠበቀችው።

ለአሥር ሰዓት አምስት ደቂቃ ቀርቷል። ነቅላ ኪሷ ብትከተው ማን ያያል? «ገመዱ ላልቶ ነበር» ማለት ይበቃል። ጣቶቿ እግሩን ግማሽ ዙር ፈቱት፤ ቆም አለችና መልሳ አጠበቀችው። ኬዙን እንደተከፈተ ጠረጴዛው መሀል ትታ ወጣች።

ነብዩ ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ዘንድ እጁን ይታጠባል።

«ነብዩ፣ ፓወር ሰፕላዩ ደህና ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሾርት ያደረገችው ትናንት ትርፍ ያልካት እግር ናት። አልነቀልኳትም፣ እዚያው አለች። ለቲቸር አንተው ባለህበት ልነግራቸው ነው። እባክህ፣ አብረን እንግባ።»

ነብዩ ቧንቧውን ዘጋ። ሁለት ጠብታ ወረደና ቆመ። በግቢው በር በኩል ቲቸር ሽመክት ቁልፉን ይዘው ሲመጡ ታዩ። ነብዩ ግን እርጥብ እጆቹን እያየ ነበር፤ ይግባ አይግባ ገና አልወሰነም።