የሽፋኑ ሰው

ዑባህ ከሚኒባሱ መውረድ አልፈለገችም።

«ራሴን አሞኛል። አንቺ ስጪያቸውና ተመለሽ፤ እዚሁ እጠብቅሻለሁ» አለች፣ ግንባሯን የፊት መቀመጫው ብረት ላይ አስደግፋ።

«መኪናው እኮ ቶጎ ውጫሌ ነው የሚሄደው። እዚህ ማን ሊያቆምልሽ ነው?» አለች ታንጉት።

«ወራጅ ካለ ውረዱ እንጂ!» ብሎ ረዳቱ ጮኸ። ዑባህ እያጉረመረመች ወረደች።

ሁለቱም የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። ጅግጅጋ ውስጥ በአንድ አጥር የሚለያዩ ጎረቤታሞች ስለሆኑ የታንጉት ሶማሊኛም የዑባህ አማርኛም የተለመደው እዚያው አጥር ሥር በጨዋታ ነው። ታንጉት ደረቷ ላይ አጥብቃ የያዘችው መጽሔት ትናንት ከማተሚያ ቤት የመጣ ነው፤ ቀለሙ ገና ይሸታል። ስሙ «ማሳና ገበያ» ይባላል። ሐሳቡን ያመጡት የባዮሎጂ አስተማሪያቸው መምህር መልአክ ናቸው። «የከተማ ሰው ወተቱን ይጠጣል፣ ማሽላውን ይበላል፤ ያመጣለትን ሰው ግን ፊቱን እንኳ አያውቀውም። እናስተዋውቃቸው» ብለው የትምህርት ቤቱን ክበብ ያነሣሡት እሳቸው ነበሩ። ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በሶማሊኛ ተጻፈ። ፎቶ ማንሣቱ የታንጉት ድርሻ ሆነ፤ ገበሬዎቹን በሶማሊኛ ማነጋገሩ ደግሞ የዑባህ።

ሽፋኑ ላይ አንድ ጎልማሳ ገበሬ በላም ጀርባ ላይ ክንዳቸውን ጥለው ይስቃሉ። ዐቦኮር ይባላሉ፤ ልጃገረዶቹ ግን እንደ አገሩ ወግ «አደር ዐቦኮር» ነው የሚሏቸው፣ አጎቴ እንደማለት። ፎቶው የተነሣው ኅዳር ላይ ነበር። አሁን ጥር ነው፤ ዕለቱ ሐሙስ። መጽሔቱ ቅዳሜ ስለሚመረቅ መምህር መልአክ ሁለቱን የላኳቸው የመጀመሪያውን ቅጂ ሰጥተው፣ የክብር እንግዳ ሁኑልን ብለው እንዲጋብዟቸው ነው።

ከአስፋልቱ ወደ መንደሩ የሚያስገባው መንገድ አቧራ ብቻ ነበር። በዚያ በ2008 ዓ.ም. ዝናቡ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ቀርቷል፤ ማሽላው ከጉልበት ሳያልፍ፣ ራስ ሳያወጣ ደርቆ ቆሟል። ኅዳር ላይ ሲመጡ ሕፃናት እየተንጫጩ የተቀበሏቸው ቤቶች ዛሬ ጭር ብለዋል። በየበሩ ላይ የእሾህ ቅርንጫፍ ተጎትቷል።

«የት ሄደው ነው?» አለች ታንጉት።

ዑባህ እርምጃዋን አፈጠነች።

መጀመሪያ ያየቻቸው የአደር ዐቦኮር ልጅ ሳጋል ነበረች። የእነሱ እኩያ ናት፤ ትምህርቷን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠች። ከብርካው ጠርዝ፣ ዝናብ ከሚያጠራቅሙበት የሲሚንቶ ጉድጓድ አጠገብ፣ ጀሪካኗን ጥላ እየሮጠች መጣች።

«አባባ፣ መጡ! መጡ!»

ከዚያ ቆም ብላ ከኋላቸው ያለውን መንገድ አየች። «ብቻችሁን ናችሁ?»

ታንጉት ጥያቄው አልገባትም። አደር ዐቦኮር ከበረቱ ወጡ። ጉንጫቸው ገብቷል። መጽሔቱን ሲቀበሉ ግን ፊታቸው በራ፤ ራሳቸውን አይተው ሳቁ፣ ለሳጋል አሳዩ፣ እንደገና አዩ። ቀስ ብለው ጣታቸውን ፎቶው ውስጥ ባለችው ላም ላይ አሳረፉ።

«ይቺ ሞተች» አሉ። «የቀሩትንም አየሻቸው አይደል? ቆመው ነው የሚያድሩት፤ ከተኙ መነሣት አይችሉም።» ከዚያ ወደ ዑባህ ዞሩ። «እንግዲህ መጽሔቱ ወጣ። ቦቴው መቼ ነው የሚመጣው?»

ዑባህ መሬት መሬት እያየች «በቅርቡ ነው፣ አደር። ከምረቃው በኋላ» አለች።

«ትናንት ጎረቤቶቼ በሙሉ ከብታቸውን እየነዱ ሄዱ። ደገሀቡር በኩል ዝናብ ጥሏል ተባለ። ና አሉኝ። እኔ ቃል ተገብቶልኛል፣ የከተማ ሰዎች ውሃና መኖ ሊልኩልኝ ነው አልኳቸው። ሳቁብኝ።» መጽሔቱን ከፍ አደረጉት። «ይቺን አይቶ ማን ይስቃል?»

ታንጉት ዑባህን አየቻት። ዑባህ አላየቻትም።

*

አስፋልቱ ዳር መኪና ሲጠብቁ ታንጉት መናገር ጀመረች።

«ምን ብለሻቸው ነው?»

«አባዮ፣ እህቴ፣ በቃ አታካብጂው።»

«ዑባህ፣ ምን ብለሻቸው ነው?»

ዑባህ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ጠጠሯን አራገፈች፤ መልሳ አጠለቀች። «ያን ቀን አንቺ ከሳጋል ጋር ከብቶቹን ፎቶ ልታነሺ ሄደሽ ነበር። አላናግርም አሉኝ። ‹ብዙ ሰው መጥቶ ጠይቆኛል፤ ጽፈው ሄዱ፤ ምን አመጡልኝ?› አሉ። ባዶ እጃችንን ልንመለስ ነበር። እና… መጽሔቱ ሲወጣ ቦቴ ይመጣል አልኳቸው። ዝም ብዬ ነው ያልኩት።»

«ዝም ብለሽ?»

«ይመጣል ብዬ ነዋ! ቲቸር ምን ነበር ያሉት? ሰው ካወቃቸው ይረዳቸዋል አላሉም? እኔም አመንኩ። ወላሂ አምኜ ነው።» ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ቅዳሜ ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ። እዚያ እንጠይቃለን። ምናልባት እውነት ይሆናል። እስከዚያ ለማንም እንዳትናገሪ። እባክሽ።»

ታንጉት ወደ መንደሩ ዞረች። ተመልሳ መሄድ ትችላለች፤ ሩቅ አይደለም። ግን እዚያ ደርሳ ምን ልትል ነው? ያ የአደር ዐቦኮር ሳቅ ገና ከዓይኗ አልጠፋም። ደግሞም ሽፋኑ ላይ ያለው ፎቶ የእሷ ነው። እናቷ እናትአለም ሱቃቸው ለሚመጣው ሁሉ «የልጄ ፎቶ መጽሔት ላይ ሊወጣ ነው» ስትል ሰንብታለች።

ሚኒባሱ መጣ። ገቡ።

ዓርብ ዕለት ታንጉት መምህራን ማረፊያ ክፍል ድረስ ሄዳ ነበር። መምህር መልአክ ወንበር ላይ ቆመው የምረቃውን ጨርቅ ይሰቅላሉ። «ታንጉት! ከትምህርት ቢሮ የሚመጡት ባለሥልጣን እሺ አሉ! የአንቺን ፎቶ አጉልተን ግድግዳ ላይ እናደርገዋለን» አሉ፣ በጥርሳቸው ፕላስተር እንደያዙ። እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይታቸው አታውቅም። የመጣችበትን ሳትናገር ጨርቁን በአንድ በኩል ያዘችላቸው።

*

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። አደር ዐቦኮር ነጭ ሸሚዝና አዲስ ሽርጥ ለብሰው፣ ጢማቸውን ሂና ተቀብተው መጡ። ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ስማቸው ሲጠራ ሰው ሁሉ ቆሞ አጨበጨበ፤ ተማሪዎች አብረዋቸው ፎቶ ለመነሣት ተሰለፉ። እሳቸውም ከሁሉም ጋር እየሳቁ ተነሡ። በየመሐሉ ግን በአዳራሹ በር በኩል ወደ ግቢው ያያሉ። ታንጉት ምን እንደሚፈልጉ ታውቅ ነበር።

ከቢሮ የመጡት ባለሥልጣን ስለ ወጣቶች ትጋት፣ ስለ ገጠርና ከተማ ትስስር ረጅም ንግግር አደረጉ። ሲወጡ ታንጉት መኪናቸው ድረስ ተከተለቻቸው።

«ጋሼ፣ አደር ዐቦኮር ያሉበት ቦታ ውሃ የለም። ከብቶቻቸው እየሞቱ ነው። ቦቴ ቢላክላቸው…»

«ጎበዝ፣ ጎበዝ። እንዲህ ማሰብሽ ጥሩ ነው» አሉ ትከሻዋን ነካ አድርገው። «ቦቴዎቹ ግን ተራ አላቸው፣ የኔ ልጅ። በወረዳቸው በኩል ይጠይቁ።» በሩ ተዘጋ።

ስትመለስ አደር ዐቦኮር የትምህርት ቤቱ መውጫ ላይ ብቻቸውን ቆመዋል። መጽሔቱን ጠቅልለው በብብታቸው ይዘዋል። ዑባህ ከአዳራሹ ግድግዳ ጥግ ሆና ታያለች፤ ጭንቅላቷን ግራና ቀኝ ትነቀንቃለች፣ አትንገሪያቸው እንደማለት።

«ልጄ፣ ከቦቴው ጋር ልሂድ ወይስ ከኋላ ይደርስብኛል?» አሉ አደር ዐቦኮር።

ይደርሳል ማለት ቀላል ነበር። አንድ ቃል ነው።

«አደር» አለች ታንጉት፣ ሶማሊኛዋ እየተሰባበረ። «ቦቴ የለም። ማንም ቃል አልገባም። እኛ ልጆች ነን፤ ተሳስተን ነው የነገርንዎት። ከብቶቹን ይዘው ይሂዱ። ዛሬውኑ።»

አደር ዐቦኮር ወደ እሷ ተጠጉ። «አንቺ መቼ አወቅሽ?»

«ሐሙስ።»

«ሐሙስ» አሉ፤ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስሉ ነበር። «ሐሙስ ብነሣ እደርስባቸው ነበር። ከብቶቹም ትንሽ ጉልበት ነበራቸው።»

ታንጉት ይቆጣሉ ብላ ጠበቀች። አልተቆጡም። መምህር መልአክ ምሳ ተዘጋጅቷል ብለው ሲጠሯቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አመሰገኑ፤ አልቆዩም፤ ሽርጣቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ መናኸሪያው በፍጥነት ሄዱ።

ዑባህ ከግድግዳው ጥግ ወጣች። «በቃ አንቺ ጥሩ ሰው፣ እኔ ውሸታም ሆንን አይደል?» አለቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ በአጥሩ በኩል መጠራራት ተዉ።

መምህር መልአክ የሆነውን ከታንጉት ሲሰሙ አዳራሹ ደረጃ ላይ ቁጭ አሉ። አልገሠጿትም። «እኔም ሄጄ ማየት ነበረብኝ» ብቻ አሉ። ሰኞ ክፍል አልገቡም። ማክሰኞም። ቦቴ ለማስላክ ከቢሮ ቢሮ ሲዞሩ እንደከረሙ በኋላ ተሰማ።

ቦቴው መጣ። ሳምንታት ካለፉ በኋላ አንድ ጠዋት ያን አቧራማ መንገድ ይዞ ገብቶ ብርካውን እስከ አፉ ሞላው። የሚቀበለው ሰው ግን አልነበረም። የመጨረሻውም በር ላይ እሾህ ተጎትቶ ነበር።

ዑባህ ይህን የሰማች ቀን ከተኳረፉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ታንጉትን አናገረቻት። ክፍል ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ «መጣ እኮ! ዝም ብትይ ኖሮ…» አለችና ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ፊቷን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ አለቀሰች። ታንጉት ተነሥታ አጠገቧ ቆመች። እጇን ጀርባዋ ላይ ልታሳርፍ አሰበች፤ ፈራች።

*

ታንጉት ሳጋልን ያገኘቻት መጋቢት ላይ፣ ሳትፈልጋት ነው። ከከተማው ጫፍ፣ በድርቁ የተፈናቀሉት ሰዎች በጨርቅና በላስቲክ የተሸፈኑ ጎጆዎች በቀለሱበት ሜዳ በኩል እናቷ ልካት ስታልፍ፣ ከቧንቧ ውሃ ለመቅዳት ከተሰለፉት ሴቶች መጨረሻ ላይ አየቻት። ቀጥናለች። ታንጉት ልታልፋት ትችል ነበር፤ ሳጋል አላየቻትም።

«ሳጋል።»

ሳጋል ዞረች። «ለመጽሔታችሁ ነው የመጣሽው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ለምንድን ነው?»

ታንጉት ወደ ጎጆዎቹ ዞር ብላ አየች። «አባትሽስ?» አለች።

«ከብት ተራ ይውላል። የሰው ከብት ይጠብቃል።» ሳጋል ጀሪካኗን በእግሯ ወደፊት ገፋች፤ ሰልፉ ተንቀሳቅሷል። «ጎረቤቶቻችንን ተከተልናቸው። አልደረስንባቸውም። አንዷ ላም ስትወድቅ አባቴ አጠገቧ ይቀመጣል፤ እንነሣ ስለው እንቢ ይለኛል። እስክትሞት ይጠብቃል። ከዚያ ሌላዋ ትወድቃለች።» እንደ ሌላ ሰው ታሪክ ነበር የምታወራው። «ቦቴው መጣ አሉ።»

«መጣ።»

«ብንቆይ ኖሮ ይተርፉ ነበር?»

ታንጉት ይህን ጥያቄ ለራሷ ብዙ ሌሊት ጠይቃዋለች። መኖ አልነበረም፤ ውሃ ብቻውን አያድናቸውም ነበር፤ እንዲህ ብላ ራሷን ታጽናና ነበር። ሳጋልንም እንዲሁ ልታጽናናት ትችላለች። ግን እርግጠኛ አልነበረችም።

«አላውቅም» አለች።

ሳጋል ፊቷን ወደ ቧንቧው መለሰች። ሂጂም ቁሚም አላለቻትም።

ያን ቀን በአሥር ሰዓት የክበቡ ስብሰባ ነበር። የሁለተኛውን ዕትም ሽፋን ሊመርጡ ነው፤ መምህር መልአክ ማንም እንዳይቀር ብለዋል። ጥላው ረዝሟል፤ አሁን ብትነሣ ትደርሳለች። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ቧንቧው የሚያወርደው ደግሞ በቀጭኑ ነው።

ከኋላቸው አንዲት እርጉዝ ሴት ሁለት ጀሪካን ይዛ መጣችና «መጨረሻው ማን ነው?» ብላ ጠየቀች።

«እኛ ነን» አለች ታንጉት፣ የሳጋልን ጀሪካን አንሥታ አንድ እርምጃ ወደፊት እየሄደች።