ነፋስ የማይገባበት ቤት

ጎረቤቶቼ የመንፈስ ወሬ ሲጀምሩ ተነስቼ የምሄድ ሴት ነበርኩ፣ ዛሬም ቢሆን የሞተ ሰው ይመለሳል ብዬ አልከራከራችሁም፣ አቃቂ፣ ጓሯችን ውስጥ ባለው ግሪን ሃውስ ያየሁትን ግን ካልጻፍኩት አይወጣልኝም።

ባለቤቴ ጌታቸው ከፋብሪካ ጡረታ ሲወጣ የሠራው የላስቲክ ቤት ነው፣ ቲማቲሙን በሲባጎ ወደ ላይ እያሰረ ያሳድግበት ነበር። ሙቀት ሲበዛ የጎኑን ላስቲክ ይጠቀልላል፣ ሲበርድ ያወርዳል፣ ረፋድ ላይ ደግሞ ሲባጎዎቹን አንድ በአንድ በቀጭን ዱላ ጠቅ ጠቅ ያደርጋል። «እዚህ ውስጥ ነፋስም ንብም የለም፣ አበባውን ካልነቀነቅኩት ፍሬ አይቋጥርም» ይለኛል፣ እኔም «ለእኔ እንኳ እንዲህ ተጨንቀህ አታውቅም» እያልኩ አሾፍበት ነበር።

እሱ ከሞተ በኋላ ውሃ አጠጣለሁ እንጂ ያንን ዱላ ማንሳት አቃተኝ። ተክሉ ለምለም ነው፣ ያብባል፣ አበባው ግን ፍሬ ሳይይዝ ይረግፋል። የቦታው ግማሽ ድርሻ ያለው ወንድሙ ደረጄ «እትዬ፣ ቅጠል አይሸጥም፣ ቅዳሜ አፍርሰን መጋዘን እናድርገው» አለኝ። ከጌታቸው እጅ የቀረኝ ያ ቤት ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ረፋድ ከሠራተኞቹ ቀድሜ ገባሁ። ላስቲኩ በሁሉም ጎን ወርዷል፣ ሙቀቱ ያፍናል፣ ቅጠል አይንቀሳቀስም። ያኔ ከዳር በኩል አንድ ሲባጎ ጠቅ አለ። ከዚያ ቀጣዩ። እመኑኝ፣ ሲባጎዎቹ በየተራ ሲርገበገቡ በዓይኔ አየሁ፣ ዱላው ግን እንደተሰቀለ ነው።

«ጌቾ?» አልኩ።

አጠገቤ ሲደርስ እኔን ዘሎ ከኋላዬ ያለውን ተክል ጠቅ አድርጎ አለፈ። ልክ መንገድ ላይ እንደቆመ ምሰሶ ዞሮኝ ሄደ።

ደረጄ ፒንሳ ይዞ በር ላይ ቆሟል።

«እትዬ፣ አንቺ ነሽ የምትመቺው?»

ባዶ እጆቼን አሳየሁት።

«ነፋስ ነው» አለ፣ የተዘጋውን ላስቲክ አየና ፊቱ አመድ መሰለ፣ ሠራተኞቹንም መለሳቸው። ከዚያ ወዲህ መጋዘን የሚል ቃል አልወጣውም።

ያን ቀን ሲባጎው የተርገበገበው መስመር ብቻ ግንዱ እስኪጎብጥ አፈራ። ቤቱ ተረፈ፣ ሰው እንኳን ደስ ያለሽ ይለኛል፣ እኔ ግን ያንን ቲማቲም አልቀምሰውም። ጌታቸው ለቲማቲሙ መጣ፣ ለእኔ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

አሁን ሌሎቹን መስመሮች በየረፋዱ ራሴ በዱላው እመታለሁ። ትንፋሼን ልሰበስብ ስቆም ያልነካሁት አንድ ሲባጎ ከኋላዬ ጠቅ ይላል። ማጽናናቱ ይሁን ሥራሽን ቀጥዪ ማለቱ፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።